ሪሚዲያል ልግባ ወይስ ፖሊ ቴክኒክ? አይቲ ነው መሥራት የምፈልገው

የሐይቁ ልጅ፦

ሰላም ጀማው፣ እንዴት ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ። 12ኛ ክፍል ተፈትኜ 50 ከመቶ አልሞላልኝም። ሪሚዲያል (50 ያልሞላለት ዩኒቨርሲቲ ለመቀጠል የሚማረው የማካካሻ ትምህርት) የሚያስገባ ውጤት ግን አለኝ። ካልሆነም ኮምቦልቻ አክስቴ ጋ እያደርኩ ፖሊ ቴክኒክ ገብቼ ሃርድዌርና ኔትወርክ መማር እችላለሁ። ምዝገባው ሊዘጋ ነው፣ እኔ ቁጭ ብዬ ጣሪያ አያለሁ።

ቤት ውስጥ ስምምነት የለም። አባዬ "የሰው ልጅ ዲግሪ ይዞ ሲመጣ አንተ ቡሎን ልትፈታ ነው ወይ" ይላል። ኔትወርክ ቡሎን የለውም ብለውም አልሰማ አለኝ። እህቴ ጅዳ ናት፣ ሰው ቤት እየሠራች ነው ያስተማረችኝ። ላፕቶፕ እገዛልሃለሁ ብላለች፣ ግን "ቶሎ ሥራ የሚያስይዝህን ተማር፣ እኔ አንተን ለማስተማር ብዬ እዚህ አላረጅም" አለችኝ። እውነቷን ነው። እማዬ ደግሞ ምንም ይሁን ምን፣ ብቻ ሩቅ አገር እንዳልመደብባት ነው ዱዓ የምታደርገው።

እኔ ኮምፒውተር እወዳለሁ። እዚህ ሐይቅ የሰው ኮምፒውተር ፎርማት አደርጋለሁ፣ ፕሪንተር አስተካክላለሁ፣ በስልኬም ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሞካክሬያለሁ። ፕሮግራመር ልሁን ኔትወርክ ልሥራ ግን ገና አልለየሁም።

ሪሚዲያል ገብቼ ካላለፍኩ ዓመቴ ተቃጠለ ማለት ነው? ፖሊ ከገባሁ በኋላስ ዲግሪ መቀጠል ይቻላል ወይስ በቃ በሩ ተዘጋ? ደግሞ እዚሁ ወሎ ውስጥ ለየትኛው ነው ሥራ ያለው? "ሁለቱም ሸጋ ነው፣ ልብህ የፈቀደውን አድርግ" የምትሉኝ ሰዎች በአላህ ይቅርባችሁ፣ እሱን ከዘመድ ጠግቤያለሁ።

ቦርከና ማዶ፦

አብሽር ወንድምየ። መጀመሪያ ነገር 50 አልሞላልኝም ብለህ አንገትህን አትድፋ። ከ2014 ተፈታኞች 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። እና ብቻህን አይደለህም፣ አገር ምድሩ ነው የወደቀው።

እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አይቲ ነኝ። የጨረስኩት ደረጃ 4 ሃርድዌርና ኔትወርክ ነው። ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አይቲ ሲባል ጨለማ ክፍል ውስጥ ኪቦርድ መቀጥቀጥ ይመስለዋል። ጠዋት ስገባ የጣት አሻራ ማሽኑ አልቀበል ብሎ ሠራተኛው በር ላይ ተሰልፏል፣ እሱን አስነሳለሁ። ቀጥሎ ሒሳብ ክፍል የሒሳብ ፕሮግራማቸውን "ፒችትሪ እምቢ አለን" ብለው ይደውላሉ። ሄጄ ሳይ አንዱ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የስዊቹን (ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘውን ሳጥን) ገመድ ነቅሎታል። ከሰዓት የመጋዘኑ ካሜራ ጠፋ ይባላል፣ መሰላል ይዤ ኬብሉን እየተከተልኩ እሄዳለሁ፣ አይጥ በልቶት አገኘዋለሁ፣ ቆርጬ ሌላ አርጄ 45 (የኔትወርክ ገመድ ጫፍ መሰኪያ) አስርበታለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ፓወር ሳፕላይ ያቃጥላል። በቃ ይኼ ነው። ይኼን ሥራ ፖሊ ነው ያስተማረኝ። ከእኔ ጋር የተቀጠረው ባለዲግሪ ልጅ ኬብል መቆንጠጥ የተማረው ከእኔ ነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው ደግሞ፣ አላማሁትም።

ሁለት ነገር ግን ቀድመህ እወቅ። ስልጠናው በደረጃ ነው የሚሄደው። ስትጨርስ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ትመዘናለህ፣ የጽሑፍም የተግባርም አለው። ከምዘናው "ብቁ" ተብለህ ካልወጣህ የያዝከው ወረቀት ግማሽ ነው፣ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ሲኦሲህን ነው። ሌላው፣ በትብብር ስልጠናው (ከፊሉን ኮሌጅ፣ ከፊሉን ድርጅት ውስጥ የምትሠለጥንበት) 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ነው ይባላል። ተግባሩ የምር ተግባር መሆኑ የሚወሰነው በምትላክበት ድርጅት ነው። ሻይ የሚያስልኩህም አሉ። ሰርቨር ክፍል ያለው፣ ሰው የሚያስነካህ ቦታ ራስህ ቀድመህ ፈልግና ደብዳቤ አጽፍ፣ የሚመድቡህን ዝም ብለህ አትጠብቅ።

በሩ አልተዘጋም። ደረጃ 4 ጨርሰህ ሲኦሲ ካለፍክ ዲግሪ መቀጠል ይቻላል፣ የመግቢያ መስፈርቱን ግን በጊዜው ጠይቅ። እኔም ቅዳሜና እሁድ እየተማርኩ ነው። ለምን ብትል፣ የአይቲ ኃላፊ ቦታ ሲለጠፍ ማስታወቂያው ዲግሪ ይላል። የሰርቨሩን ባሕሪ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ግን ማመልከት እንኳ አልቻልኩም።

የሆጤው ልጅ አዲስ አበባ፦

እኔ በዚህ አልስማማም። ሪሚዲያል ግባ።

ቦርከና ወንድሜ፣ የራስህ ታሪክ እኮ መልሱን ተናግሯል። መጨረሻ ላይ ዲግሪ ፍለጋ ቅዳሜና እሁድህን የምትሰጥ ከሆነ ልጁ ለምን ዞሮ ይመጣል? ቀጥታ ይሂድ። እኔ ደሴ ሆጤ ነው ያደግሁት፣ አሁን አዲስ አበባ ሶፍትዌር እሠራለሁ። የባንክ፣ የቴሌኮም፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ገልጠህ እየው፦ "ቢኤስሲ በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በአይቲ፣ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ወይም በተዛማጅ ሙያ"። የሰው ሀብቱ ልጅ ማመልከቻህን ሲያይ ኮድ አይከፍትም። ዲግሪ አለው? የለውም? የለውም ከሆነ ወደ ጎን። ፍትሐዊ ነው አላልኩም፣ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ሌላው ትምህርቱ ራሱ ነው። ዳታ ስትራክቸር፣ አልጎሪዝም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ዲስክሪት ሒሳብ። ሲያስተምሩን ላብ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተደራርበን ነበር፣ ጃቫን ነጭ ሰሌዳ ላይ በማርከር ነው የጻፍነው፣ እሱን አልክድም። ፕሮግራሚንጉን ራሴ በሌሊት ነው የተማርኩት። ግን ያ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ ባይኖር ዛሬ አንድ ሲስተም ሲንቀራፈፍ ለምን እንደተንቀራፈፈ ማሰብ አልችልም ነበር፣ ዝም ብዬ ኮድ የምገለብጥ ሰው ነበር የምሆነው። ፕሮግራመር መሆን ከፈለግክ ይኼን ፖሊ ላይ በዚህ ጥልቀት አታገኘውም።

ግን አንድ ማንም የማይነግርህ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ገባህ ማለት ኮምፒውተር ሳይንስ ገባህ ማለት አይደለም! መጀመሪያ ሪሚዲያሉን ታልፋለህ። ከዚያ ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ትሆናለህ። ከዚያ ነው በጂፒኤ (በአማካይ ውጤትህ) ተወዳድረህ ዲፓርትመንት የምትይዘው። ሶፍትዌርና ኮምፒውተር ሳይንስ ደግሞ ሁሉም የሚጋፋበት ነው። ተደላድለህ ከተኛህ የማትፈልገው ዲፓርትመንት ውስጥ ራስህን ታገኘዋለህ። ከገባህ በኋላም ፍሬሽማኑን ጨምሮ ኮምፒውተር ሳይንስና አይቲ 4 ዓመት ነው፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ 5። መውጫው ላይ የመውጫ ፈተና አለ፣ ከ2015 ጀምሮ 50 ካላመጣህ ዲግሪ የለም። ይኼን ሁሉ አውቀህ ግባ፣ ግን ግባ።

የሐይቁ ልጅ፦

አጃኢብ! እኔ እኮ ሪሚዲያል ካለፍኩ ኮምፒውተር ሳይንስ ራሱ የተያዘልኝ መስሎኝ ነበር። እና ባዮሎጂ ሊደርሰኝ ይችላል ማለት ነው? አባዬ ይኼን ቢሰማ ምን ይል ይሆን።

ወለዬው ነኝ፦

ሁለቱንም ተወውና በላፕቶፑ ብር ባጃጅ ግዛ። ሲኦሲ የለው፣ የመውጫ ፈተና የለው።

ቦርከና ማዶ፦

ወለዬው ቤንዚን ሰልፍ ላይ ሆነህ ነው አይደል የምትጽፈው?

ወለዬው ነኝ፦

ኧረ አዎ፣ ከሌሊት ጀምሮ። 😂

ሪሚዲያል ያለፍኩ፦

በሪሚዲያል አልፌ አሁን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነኝ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተም ደርሶኛል። የመጀመሪያ ምርጫዬ ሶፍትዌር ነበር፣ ጂፒኤዬ አልደረሰም። አልከፋኝም፣ ዳታቤዙን ወድጄዋለሁ።

ሪሚዲያል ራሱ ምን እንደሆነ ልንገርህ። የምትማረው አዲስ ነገር አይደለም፣ የ12ኛው ድጋሚ ነው። ለተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። በእኛ ጊዜ ከውጤቱ 30 በመቶው በግቢው የሚያዝ ነበር፣ 70 በመቶው ከማዕከል የሚመጣ ፈተና። ስለዚህ "ግቢ ገባሁ" ብለህ ስትዝናና ቀኑ ይደርሳል። ከእኛ ዶርም ማታ ማታ ፊልም ሲያዩ የነበሩት አሁን የሉም።

የምጠይቅህ፦ 12ኛ ላይ የጣለህ የትኛው ትምህርት ነው? ምክንያቱም ያው ትምህርት እዚያም ይጠብቅሃል።

የሐይቁ ልጅ፦

ሒሳቤ ጥሩ ነው፣ ከ60 በላይ አለኝ። አፕቲቲዩድም አልከፋም። የጣሉኝ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ናቸው፣ እንግሊዝኛም ትንሽ። ኬሚስትሪ መምህር ግማሹን ዓመት አልነበረንም፣ ትምህርት ሲቋረጥ ሲቀጠል ነበር፣ ታውቁታላችሁ የኛን ነገር።

የሆጤው ልጅ አዲስ አበባ፦

በቃ ተፈታ! ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነህ። ለፕሮግራሚንግ የምትፈለገው አንተ ነህ። ባዮሎጂን ለጥቂት ወራት ሸምድደህ ማለፍ ምን ያቅትሃል?

ቦርከና ማዶ፦

የተፈታ ነገር የለም። አንተ በሒሳቡ ታየዋለህ፣ ፈተናው ግን በኬሚስትሪው ነው የሚያየው። ልጁ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ጥሎት መጥቶ እንደገና ለባዮሎጂና ለኬሚስትሪ ዓመት ሊሰጥ ነው። ካለፈም ገና በጂፒኤ ሊወዳደር ነው። እህቱ ጅዳ የሰው ቤት እያጠበች መሆኑን አንብበሃል? አንተ የምትለው መንገድ ገንዘብ የማይጠይቅ ይመስልሃል። ምግብና ዶርሙ በወጪ መጋራት ነው እሺ፣ ሥራ ይዘህ ነው የምትከፍለው። ግን ትራንስፖርቱ፣ ልብሱ፣ የኪስ ገንዘቡ፣ የዓመቱ ርዝመት አለ። ምደባው ደግሞ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም።

ሸዋ በር ኮምፒውተር፦

ልጆች ልግባበት። እኔ ደሴ ሸዋ በር የኮምፒውተር ጥገናና የኔትወርክ ሥራ አለኝ። ሰው እቀጥራለሁ፣ የፖሊ ተለማማጅም እቀበላለሁ፣ ዲግሪ ያላቸውም ሠርተውልኛል። እናንተ ወረቀት ላይ እየተጨቃጨቃችሁ ነው፣ እኔ ጠረጴዛዬ ላይ የማየውን ልንገራችሁ።

ሰው ልቀጥር ስል የማይነሳ ኮምፒውተር ፊቱ አስቀምጣለሁ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። መክፈት ይፈራል፣ ዊንዶው መጫን ያስባል፣ ማሽኑ እኮ ጭራሽ መብራት የለውም። ከፖሊ የመጣው ወዲያው ይፈታዋል፣ ራሙን ነቅሎ ይሰካል፣ ፓወር ሳፕላይ ይቀይራል፣ ካልሆነ ሌላ ይቀይራል፣ እንዲህ እያለ የደንበኛዬን ዕቃ በሙሉ ይለዋውጣል። የምቀጥረው ሁለቱንም አይደለም። "መቼ ጀመረው? ከመብራት መጥፋት በኋላ ነው? ከዚያ በፊት ማን ነክቶታል?" ብሎ የሚጠይቀኝን ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ ከሁለቱም ቦታ መጥቶልኝ ያውቃል፣ ግን ጥቂት ነው።

ሥራ አለ ወይ ላልከው፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያለው ሥራ በአብዛኛው የእጅ ሥራ ነው። ካሜራ መግጠም አለ፤ ሆቴሉ፣ ክሊኒኩ፣ የግል ትምህርት ቤቱ፣ ጅምላ ነጋዴው ሁሉ ካሜራ ይፈልጋል። ኔትወርክ መዘርጋት አለ። ፕሪንተርና ፎቶኮፒ ጥገና ደግሞ በተለይ ግንቦትና ሰኔ እንቅልፍ የለም፣ መሥሪያ ቤቶች በጀት ሳይዘጋ ግዢና ጥገናቸውን መጨረስ ስላለባቸው "ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) አምጪ" ብለው ያዋክቡኛል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝንብ ሲያባርሩ መዋል ነው። ስለዚህ የራሴን እከፍታለሁ ካልክ በዓመት ሙሉ እኩል ገቢ አትጠብቅ። ፕሮፎርማ ለመስጠትም ንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ ደረሰኝ ያስፈልግሃል። ከጓደኞችህ ጋር ተደራጅታችሁ ብትጀምሩ ይሻላል፣ ብቻህን በቦርሳ የምትዞር ከሆነ መሥሪያ ቤት አይገዛህም።

ሶፍትዌር የሚገዛ ሰው ግን እዚህ ትንሽ ነው። ፋርማሲው ፕሮግራም ይፈልጋል፣ ዋጋ ስትነግረው ወደ ደብተሩ ይመለሳል። ሶፍትዌር ከፈለግክ ወይ አዲስ አበባ መሄድ ወይ ከቤትህ ሆነህ ለውጭ መሥራት ነው። ከቤት የሚለውን ደግሞ እዚህ አካባቢ ሆናችሁ ስታስቡት ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ እንደነበር አትርሱ። ያኔ ከደሴ አዲስ አበባ ተነስተው የሄዱ ልጆች አውቃለሁ፣ ለኢንተርኔት ብቻ ብለው።

የሆጤው ልጅ አዲስ አበባ፦

እትዬ፣ የዳታውን ነገር አልከራከርም፣ እኔም ከሄዱት አንዱ ነኝ።

ግን ዛሬ ደሴ ላይ ያለውን ሥራ እያየ የ18 ዓመት ልጅ የዕድሜ ልክ ውሳኔ መወሰን የለበትም። ካሜራ መግጠም ዛሬ ገንዘብ አለው፣ ነገ ሁሉም ይገጥማል።

ሸዋ በር ኮምፒውተር፦

ፎርማት ማድረግም አንድ ጊዜ ገንዘብ ነበረው። አሁን የሰፈር ልጅ ሁሉ ያደርገዋል። ትክክል ነህ። ለዚህ ነው ካሜራ ብቻ ይማር ያላልኩት፣ ኔትወርኩን በደንብ ይያዘው ነው የምለው።

የመርሳው አባት፦

አሰላሙ አለይኩም ልጆች። ውይይታችሁን ሳነብ አመሸሁ፣ አላህ ይባርካችሁ። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፣ ከዚህ ልጅ ጋር አንድ ዓይነት ውጤት ነው ያላት። እሷም ኮምፒውተር ትላለች። ሃርድዌር የሚባለው ለሴት ልጅ ይሆናል ወይ? መሰላል መውጣት አለበት ስትሉ ትንሽ ከበደኝ። ወልድያ ብትማር ይቀርበኝ ነበር።

ሸዋ በር ኮምፒውተር፦

ወዓለይኩም ሰላም ጋሼ። እኔ ሴት ነኝ፣ መሰላል እወጣለሁ፣ ሦስት ልጆችም አሉኝ። ለሴት ልጅ ይሆናል። እንዲያውም የግል ቤት ካሜራ ልንገጥም ስንሄድ ባል ከሌለ እመቤቲቱ ሴት ባለሙያ ስትመጣ ደስ ይላታል፣ በሩን በሰላም ትከፍታለች። ልጅዎ መሰላሉን ካልወደደችው ዌብና ዳታቤዝ የሚባለውም ዘርፍ በቴክኒክና ሙያ ይሰጣል፣ እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ወልድያ ፖሊ ቴክኒክ አለ፣ እዚያ በዘንድሮው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ሄደው ይጠይቁላት። የሴቶች የመግቢያ ነጥብም ከወንዶቹ ዝቅ ስለሚል ውጤቷን ይዘው ይሂዱ። ግን ጋሼ፣ እባክዎ እሷንም ይዘዋት ይሂዱ፣ ለሷ ብለው ብቻዎን አይምረጡላት።

የመርሳው አባት፦

እሺ ልጄ፣ ይዣት እሄዳለሁ። አመሰግናለሁ።

የሐይቁ ልጅ፦

ሁላችሁም ዕድሜ ይስጣችሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ፖሊ ብገባና ጎን ለጎን ፕሮግራሚንግ ብማርስ? አምስት ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለውን የኦንላይን ስልጠና አይቼዋለሁ፣ እሱ ያዋጣል? ሁለተኛ፣ ኔትወርክ በደንብ ያዝ ስትሉ ምን ማለት ነው? ምን ያህል ነው በደንብ?

ሪሚዲያል ያለፍኩ፦

ኮደርሱን እኔ ወስጄዋለሁ። ነጻ ነው፣ በ2016 ሐምሌ የተጀመረ ነው፣ ከኤምሬትስ ጋር። ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስ፣ ኤአይ አለው። ጀማሪ ከሆንክ ፕሮግራሚንጉን ያዝ። ሰርተፊኬቱን ግን እንደ ዲግሪ አትቁጠረው፣ እሱን አሳይቶ ሥራ ያገኘ ሰው አላየሁም። የሚጠቅምህ መልመጃውን ራስህ ከሠራኸው ነው። ሰርተፊኬቱን ለቴሌግራም ፕሮፋይል ብለው ቪዲዮውን እያሳለፉ የጨረሱ ሞልተዋል።

ቦርከና ማዶ፦

ኔትወርክ በደንብ ማለት፦ አንድ ሰው "ቢሮው ሦስት ፎቅ ነው፣ ሒሳብ ክፍልን ከእንግዳው ዋይፋይ ለይልኝ" ሲልህ ወረቀት ላይ ሥለህ፣ አይፒ (የኮምፒውተሮቹን አድራሻ) ከፋፍለህ፣ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ የሚከፋፍለውን) ሠርተህ መስጠት። ሰብኔቲንግ የሚባለውን የአድራሻ አከፋፈል ስሌት በእጅህ ማስላት ካልቻልክ ገና ነህ። ሒሳብ እወዳለሁ ያልክ ልጅ ስለሆንክ ትወደዋለህ፣ ብዙ የፖሊ ልጅ ያቺ ላይ ነው የሚቆመው።

ራውተር የለኝም ብለህ አትቀመጥ። የኔትወርክ ዕቃ የሚሠራው ሲስኮ ፓኬት ትሬሰር የሚባል ፕሮግራም አለው፣ በኔትወርኪንግ አካዳሚያቸው ተመዝግበህ በነጻ ታወርደዋለህ፣ ላፕቶፕህ ላይ ራውተርም ስዊችም እየገጣጠምክ ትለማመዳለህ፣ አንዴ አውርደህ በአካውንትህ ከገባህበት ኢንተርኔት ቢጠፋም ብዙ ጊዜ ይሠራል። እኔ ዳታ በጠፋበት ጊዜ በሱ ነው የከረምኩት። ውሎ አድሮ ሲሲኤንኤ የሚባለውን የሲስኮ የኔትወርክ ሰርተፊኬት ፈተና መፈተን ትችላለህ። ዲግሪ አይጠይቅም፣ 12ኛ ስንት አመጣህም አይልም። ክፍያው ግን 300 ዶላር ነው፣ ሰርተፊኬቱም ለ3 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ስለዚህ እንዳትቸኩል። ሥራ ይዘህ፣ እጅህ ሲፈታ።

የሆጤው ልጅ አዲስ አበባ፦

ሲሲኤንኤውን እደግፋለሁ። ኔትወርክ ከሆነ የምትፈልገው የቦርከና መንገድ ያስኬዳል፣ በዚህ አልከራከርም። የኔ ጭቅጭቅ ፕሮግራመር ለመሆን ነው። አንተ ገና አልለየሁም ብለሃል። ስለዚህ ምዝገባው እስኪዘጋ ባሉት ቀናት ሁለቱንም ሞክር፦ ፓይተን ላይ ተቀምጠህ አንድ ነገር ሥራ፣ ለአክስትህ ሱቅ የብድር መዝገብ በለው። ፓኬት ትሬሰር ላይም ተቀመጥ። የትኛው ላይ ምሳ እንደረሳህ ልብ በል። ፓይተኑ ከሆነ ሪሚዲያል ግባ፣ ኬሚስትሪውን እኔ ራሴ በቴሌግራም አስጠናሃለሁ፣ ቃሌ ነው።

የሐይቁ ልጅ፦

አክስቴ ሱቅ የላትም፣ እንጀራ ነው የምትሸጠው፣ ግን የሚበደራት ብዙ ነው፣ መዝገቡ ይጠቅማታል። 😂

ሞክሬ መጣሁ ጀማው። ብድር መዝገቡን ሠራሁት፣ ስም ታስገባለህ፣ ቀሪ ብድር ያወጣል። ሸጋ ነው፣ ግን ከጨረስኩት በኋላ ልቀጥልበት አላሰኘኝም። ፓኬት ትሬሰሩን በጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ነው የሞከርኩት፣ ሁለት ኮምፒውተር በስዊች አገናኝቼ ፒንግ (መገናኘታቸውን መሞከሪያው) መለሰልኝ፣ ከዚያ ሦስተኛ ጨመርኩ፣ ራውተር ጨመርኩ፣ እምቢ አለኝ፣ ለምን እምቢ እንዳለኝ ሳስስ መሸ። ጓደኛዬ ላፕቶፑን ሊወስድ መጥቶ ነው የተነሳሁት።

አባዬንም ዲፓርትመንት በውድድር መሆኑን፣ ከፖሊ በኋላም ዲግሪ መቀጠል እንደሚቻል አስረዳሁት። "እና ዲግሪው አይቀርም?" አለኝ። አይቀርም አልኩት። "እንግዲያ አክስትህ ጋ ሂድ" አለ። ኮምቦልቻ ልመዘገብ ነው። የሆጤው ወንድሜ፣ ስላልሰማሁህ አትቀየመኝ።

የሆጤው ልጅ አዲስ አበባ፦

ምን ያስቀይመኛል። ግን አሁንም ሒሳብህ ያሳዝነኛል። ፓይተኑን አትጣለው፣ ኔትወርክ ላይም ትልልቅ ቦታ የምትደርሰው ስክሪፕት (ሥራውን በራሱ የሚሠራ አጭር ፕሮግራም) መጻፍ ስትችል ነው። ዲግሪውን ስትጀምርም ከሥራ ጋር ስለሚከብድ ገና ጉልበት እያለህ ጀምረው።

ሸዋ በር ኮምፒውተር፦

ትብብር ስልጠና የምትወጣበት ጊዜ ሲደርስ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ደሴ መመላለስ ከቻልክ እቀበልሃለሁ። ሻይ አላስልክህም፣ ግን ደንበኛ ፊት ስልክ የሚነካ ልጅ አልወድም፣ ከአሁኑ እወቀው።

የሐይቁ ልጅ፦

ወላሂ አልነካም! አመሰግናለሁ እትዬ።

እህቴ ላፕቶፑን በሚመጣ ሰው ልትልክ ነው፣ ምን ዓይነት ልበላት?

ቦርከና ማዶ፦

አዲስ እንድትገዛ አታስጨንቃት፣ ጥሩ የተያዘ ያገለገለ ይበቃሃል። ራም ከ8 ጂቢ አይነስ፣ 16 ከሆነ እሰየው። ዲስኩ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ይሁን። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ያለው እንዲሆን ንገራት፣ ቀጫጭኖቹ አዳዲሶቹ ላይ የለም፣ አንተ ደግሞ በየቀኑ የምትሰካው ነው። ኪቦርዱ ዓረብኛ ቢኖረውም ችግር የለም። ባትሪውን ሳታየው እንዳትገዛ በላት፣ እዚህ መብራት ሲሄድ የምታመሰግነው እሱን ነው። የግራፊክስ ካርድ ምናምን ብለው ካስወደዱባት ግን ጌም ልትጫወት አይደለምና ትተወው።